ያልደረሰ አደጋ እድር ላይ አንብቤ ሟርተኛ ተባልኩ

የእድሩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ) ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የብሎካችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው እንጂ ሌላ ችሎታ ኖሮኝ አይደለም።

በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የከረመበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ቦታው ከእኛ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፎቅ ላይ ለተኛ ሰው ግን ጎረቤት ነው። ታኅሣሥ 26 ሌሊት የመጣው 5.7 ተብሎ የተለካው ነበር። እኔን የቀሰቀሰኝ ብርጭቆ ነው። ቡፌው ውስጥ ያሉት የሻይ ብርጭቆዎች ቀስ እያሉ ይነካካሉ፤ ሰው ሌሊት ተደብቆ ዕቃ የሚያጥብ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ "ማነው ኩሽና ያለው?" አለች። ከዚያ አልጋው ሄደ።

ጋቢዬን ደርቤ፣ ትንሿን ልጄን አቅፌ ደረጃውን ወረድኩ። ታች ስንደርስ የብረቱ በር ተቆልፏል። ሌባ ስለበዛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይቆለፋል። ቁልፉ አንድ ነው፤ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው። ጥበቃው ደግሞ ነፍሱን እንደሚወድ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ ሜዳ ወጥቷል። ቁልፉም አብሮት ወጥቷል። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ጨለማ ደረጃ ላይ ተደራርበን ቆምን። ከላይ አንዱ "ክፈቱት እንጂ!" ይላል። ከታች አንዱ "በምን?" ይላል። ልጄ አንገቴ ሥር ገብታ "አባዬ፣ ጫማዬን አላደረግኩም" ትለኛለች። በሩ እስኪከፈት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ ግን ሰማንያ ለመሙላት ትንሽ ሲቀረኝ ነበር።

በማግስቱ ሁሉም ሳቀበት። "በምን?" የብሎካችን ቀልድ ሆኖ ቀረ። ቁልፉ ግን እስከ ዛሬ አንድ ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? ሁለት ገጽ ታሪክ ጻፍኩ። "ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ" ብሎ ይጀምራል። የእኛን ብሎክ፣ የእኛን ደረጃ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ሳይቀር አስገባሁ። ከዚያኛው የባሰ መንቀጥቀጥ ቢመጣ ማን እንደሚወርድ፣ ማን እንደሚቀር ጻፍኩ። በወሩ መጀመሪያ እሁድ፣ ኮሚናሉ ውስጥ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ አነበብኩት። አንደኛውን ገጽ ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ሁለተኛው ላይ አንዲት እናት ብድግ አሉና "ኧረ ክፉ አታናግር! የሞተ ሰው መዝገብ መያዝህ አነሰህ?" አሉኝ። ከኋላ "ሟርተኛ" ያለም አለ። ሰብሳቢያችን "ወደሚቀጥለው አጀንዳ" አሉ። የሚቀጥለው አጀንዳ የድንኳን ኪራይ ነበር።

የገረመኝም ይሄው ነው። እድር እኮ ሞት ሳይመጣ ስለ ሞት የሚያስብ ማኅበር ነው። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን የገዛነው ገና በሕይወት ላለ ሰው ነው። ለቀብር መዘጋጀት ወግ ከሆነ፣ ላለመቀበር መዘጋጀት በምን ሂሳብ ሟርት ይሆናል?

ያልደረሰውን እንደደረሰ አድርጎ እየተረከ ሰው ለማዘጋጀት የሞከረ አለ? ሰው ሳይቀየም እንዴት ነው የሚሰማው?

የደቻቱ ልጅ መለሰች፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ታሪክህ ውስጥ የሞተው ማነው?

እኔ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ አሁን ለገጣፎ ነኝ። ደቻቱን ላላየ ሰው ልንገረው። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ኳስ ተጫውተንበታል፣ አህያና ግመል ያልፍበታል። ሰው "ወንዝ" ይለዋል፤ እንደ ወንዝ ግን አያስበውም። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ከላይ ከተራራው ውሃው መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ ከዚያ በፊትም ሰው ወስዶ ያውቃል። ትልልቆቹ ያውቁ ነበር። አውርተውልን ግን አያውቁም። ለምን? አንተ እንደሰማኸው ነዋ፤ ክፉ አታናግር።

እናቴ ከዚያ ሌሊት በኋላ ተራኪ ሆነች። የልጅ ልጆቿ በመጡ ቁጥር ያችኑ ታሪክ ታወራለች። ድምፁ እንዴት እንደነበር፣ ውሻው ወዴት እንደሮጠ፣ እኛ እንዴት እንደወጣን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጫማ ስፈልግ እንዴት በጸጉሬ እንደጎተተችኝም አትዘልም። ሁልጊዜ የምትጨርሰው "ጫማ አይፈለግም" ብላ ነው። ያንተ ልጅ ስለ ጫማዋ የተናገረችውን ሳነብ ሰውነቴ ነው የተሸማቀቀው። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው፤ ስለ ደቻቱ ሌላ ምንም አያውቅም። ማታ ጎርፍ ቢመጣ ጫማ እንደማይፈለግ ግን ያውቃል።

ያንተ ወረቀት ሁለት ገጽ ነው። ከሁለት ገጽ ውስጥ ሰው ይዞ የሚሄደው አንድ መስመር ነው። አንተ ያስያዝካቸው የትኛውን ይመስልሃል? ስለ ቁልፉ ሳይሆን ስለ ሟቹ ያለው ይመስለኛል።

እውነቱን እናውራ መለሰ፦

አለቃ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣላችሁ? መብራትስ? ባጃጅ በስንት ገባ? እኛ ነገን ለመድረስ እየተፍጨረጨርን አንተ ያልመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ትተርክልናለህ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። የሚሆነውን ፈጣሪ ያውቃል። ቁልፉን አስቀርጽና ተኛ፤ ታሪክ ምን ያደርጋል?

ብረትና ሲሚንቶ መለሰ፦

ከላይ ያለው ወንድማችን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ልክ ነው። ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ ማንም አላስቀረጸም አይደል? ታሪክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰው "አደጋ አለ" ሲሉት አይነሳም። በሩ ፊት ሲያቆሙት ነው የሚነሳው።

በሙያዬ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ ሰሚት አካባቢ እሠራለሁ። ይሄ የአንድ የእድር ጸሐፊ ቅዠት እንዳይመስላችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ልክ እንዳንተ ሰዓት ቆርጦ ጀመረ። ሐሙስ፣ በፈረንጆቹ ኅዳር 13፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ በሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ደቡባዊ ክፍል 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ። ከ300 በላይ ባለሙያዎች ተረባረቡበት። የትኛው የውሃ መስመር ይቆረጣል፣ የትኛው መንገድ ይበጠሳል፣ እሳት ከየት ይነሳል የሚለውን አንድ በአንድ ጻፉት። ወደ 1,800 ሰው እንደሚሞትም አሰሉ። ከዚያ በዚያው ቀንና ሰዓት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ተለማመደ። ሟርተኛ ያላቸው መኖሩን እኔ እንጃ።

በግማሽ የቀረም አለ። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2004 ባለሥልጣናት ተሰብስበው "ፓም" የሚል ስም የሰጡትን የሌለ አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስ ላይ አመጡ። ውሃው ግድቡን አልፎ ከተማው ሲሰጥም በወረቀት አዩት። መኪና የሌለው ሰው በምን ይወጣል የሚለውን ግን ሳይቋጩት ተለያዩ። በ13 ወሩ እውነተኛው ካትሪና መጣ። ጣሪያ ላይ የቀረው ያ መኪና የሌለው ሰው ነበር። ያንተ ቁልፍ የእነሱ አውቶቡስ ነው።

አሁን ልውቀስህ። ታሪክህ ውስጥ ሰዎቹ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ደረጃ የሚወርዱ ከሆነ ቀይረው። ስህተት የሆነ ታሪክ ስህተት ያስተምራል። በኮንክሪት ኮለንና ቢም በተሠራ ፎቅ ላይ ያለ ሰው እየተንቀጠቀጠ መሮጥ የለበትም። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግባ፤ ጠረጴዛ ከሌለ ከመስታወትና ከቡፌ ርቆ ራሱንና አንገቱን ይሸፍን። የሚወርደው ሲቆም ነው። ያኔም ሲሊንደሩን ዘግቶ። እንዲህ ባለ ሕንፃ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው የብሎኬት ግድግዳው ነው፤ የጣሪያ ጠርዝ አለ፣ ያ የጻፍከው ሮቶ አለ። ስለዚህ ወጥቶ ግድግዳ ሥር መቆምም አያዋጣም። የጭቃ ወይም የድንጋይ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ በሩ አጠገቡ ከሆነ መውጣት ይሻለዋል። በዚያ ላይ አቃቂ ዙሪያ መረሬ መሬት ይበዛል። ለስላሳ አፈር ንዝረት ያጎላል።

"እዚህ ደርሶ አያውቅም" ለሚልህም መልስ አለ። በነሐሴ 1898 ከላንጋኖ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ክፉኛ አስደንግጧል። በግንቦት 1953 ደግሞ ካራ ቆሬ ላይ የሆነው ማጀቴን አፍርሷታል። (የወሎ መንገድ ላይ ያለው ካራ ቆሬ ነው፤ የአየር ጤናው አይደለም። አንዴ ስብሰባ ላይ ይሄን ስናገር አንዱ ደንግጦ እዚያ ቤት ለተከራየች እህቱ ሊደውልላት ስልኩን አወጣ።)

የአቃቂው ሽማግሌ መለሱ፦

ልጄ፣ እኔም የእድር ሰው ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሊቀ መንበር ነበርኩ። የጻፍከውን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ የምላትን ደግሞ እየጻፈችልኝ ነው።

ስለ ጎፋ ላንሳ። ሐምሌ 2016፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ዝናቡ አደረና መሬቱ ተንሸራቶ ቤቶች ላይ ወረደ። አገሬው ሰማ። እንግዲህ የእኛ ሰው ሲሰማ ምን ያደርጋል? ዶማና አካፋውን ይዞ ይሮጣል። መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው፣ የቀበሌው ሹም ሳይቀር ሮጠ። እየቆፈሩ ሳሉ ተራራው ሁለተኛ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ያለቀው፣ አብዛኛው፣ ሊያወጣ የሄደው ነው።

እኔ ይሄን ዜና ከሰማሁ ወዲህ ጡሩምባ ስሰማ የማስበው ሌላ ሆኗል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት "ጡሩምባ ሲነፋ ያልደረሰ ይቀጣል" የሚለውን ነው። ቅጣቱን ራሴ ጽፌዋለሁ። ቆም ብለህ ተራራውን እይ የሚል መስመር መተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ የለም። እዚያ ያለቁት ሰዎች ከእኛ የሚለዩት በምንም አይደለም። እኔም እሮጥ ነበር።

ስለዚህ ታሪክህን ስትጽፍ መጀመሪያው ላይ አታቁመው። መሬቱ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ሰው ወጣ፣ "እፎይ" አለ። ከዚያስ? ጋቢ ሊያመጣ የሚመለሰው ማነው? ብር ረስቻለሁ የሚለውስ? ሁለተኛው ሲመጣ እሱ የት ነው? ሰው ተረቱ አለቀ ባለበት ቦታ ነው የሚዘናጋው።

የሟርቱን ነገር ተወው። የእኛ ሰው ከጥንትም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል። ሽማግሌ አስነብበው፤ አንተ ጸሐፊ ነህ፣ ጻፍ።

መምህርት ነኝ (ቡራዩ) መለሰች፦

ጋሼ ጸሐፊ፣ እርስዎ ያነበቡት ለትልቅ ሰው ነው። እኔ ሁለተኛ ክፍል ነው የማስተምረው፤ እዚያ ሟርት የሚባል ነገር የለም። "ተረት ተረት" ስል "የመሠረት" ይላሉ፣ በቃ።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሲመሉ የምትባል ደሴት አለች። በ1907፣ በፈረንጆቹ፣ ሱናሚ ብዙ ሰው ጨረሰባት። የተረፉት "ስሞንግ" ብለው ስም አወጡለት። ልጅ ሲያስተኙ እሹሩሩ አደረጉት፤ ማታ ማታ ተረት አደረጉት። የሚለው አጭር ነው፦ መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠና ባሕሩ ከሸሸ፣ ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ኮረብታ ሩጥ። ወደ መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በፈረንጆቹ 2004 ታኅሣሥ 26፣ እውነት ሆኖ መጣ። መንቀጥቀጡ የተነሳው ከደሴቲቱ አጠገብ ነው። ከ78 ሺህ ገደማ ነዋሪ የሞተው ሰባት ሰው ነው። ሳይረን አልነበራቸውም። እሹሩሩ ነበራቸው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ክፍሌ ውስጥ ሞከርኩ። ተማሪዎቼ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ትንሽ ወንዝ በድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ነው የሚሻገሩት። "ከላይ ዘንቧል፣ ወንዙ እየሞላ ነው፣ አንተ ማዶ ነህ፤ ከዚያስ?" አልኳቸው። አንዱ ወዲያው "ደብተሬስ?" አለ። በቃ ክፍለ ጊዜው በደብተር ክርክር አለቀ። ቦርሳው ይጣል አይጣል፣ ማን ይገዛለታል፣ እናቱ ትገርፈዋለች አትገርፈውም። እኔ ስለ ውሃ ፍጥነት ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ የእነሱ ፍርሃት ግን ዱላ ነው። ለካ ደብተር ፍለጋ ውሃ ውስጥ የሚገባው ልጅ ውሃውን ሳይሆን ቤቱን ፈርቶ ነው። ወላጆች ጠርቼ ይሄንኑ ነገርኳቸው። አንዱ አባት አንገቱን ደፍቶ ነው የሰማኝ።

መስመሩን ራሳቸው ልጆቹ አወጡት፦ "ወንዙ ሻይ በወተት ሲመስል፣ ወደ ኋላ!" አሁን ገመድ ሲዘሉ ይሉታል። እኔ ብጽፈው "የደፈረሰ ውሃ" ብዬ ነበር የምጽፈው።

ጋሼ፣ የእርስዎን ታሪክ ሌላ ሰው ይተርከው። እርስዎ ይጠይቁ ብቻ፦ "ከዚያስ?"

የእድሩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ) ተመልሶ ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የሁለተኛውን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር።

የደቻቱ ልጅ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ፊቴ ነው የጋለው። ታሪኬ ውስጥ የሞቱት "ሦስተኛ ፎቅ ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ" ናቸው። ስም አልጠራሁም ብዬ ነበር። ብሎኩ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ እማማ ናቸው። ብድግ ብለው የተቆጡኝ ልጃቸው ነች።

ትናንት ሄድኩ፤ ስኳርና ቡና ይዤ። ልጃቸው በር ከፍታ ዝም አለችኝ። እማማ ግን ሳቁ። "ገደልከኝ አሉ። ደረጃ ላይ መጣልህ ነው የከፋኝ፤ ቢያንስ አልጋዬ ላይ ብትገድለኝ ምን ነበረበት?" አሉ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ የመምህርቷን ምክር አስታወስኩና፣ ያን ሌሊት የት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው።

"የትም አልሄድኩም። በሩ እንደሚቆለፍ አውቃለሁ። በዚህ ጉልበት የት እደርሳለሁ? ያችን ፍራሽ ከሶፋው ላይ ስቤ፣ እዚያ ጥግ ቁጭ ብዬ በራሴ ላይ ደፋኋት። ሲያበቃ አነሳኋት።"

ጥጉን አየሁት። መስኮት የለም፣ ቡፌ የለም። ኮለኑ ሥር ነው። ብረትና ሲሚንቶ፣ አንተ ያልከውን ነገር ከመላው ብሎክ ያደረጉት እኔ የገደልኳቸው እማማ ብቻ ናቸው! "ለምን አልነገሩንም?" ስላቸው "ማን ጠየቀኝ?" አሉ።

ቡናው እስኪፈላ ሁለት ጎረቤቶች ገቡ። እማማ ታሪኩን ደገሙላቸው፤ ፍራሿን ራሳቸው ላይ አድርገው እያሳዩ። እየሳቅን፣ "ከዚያስ?" እያልን ሄድን። አንዷ "እኔ ሲሊንደሩን ሳልዘጋ ነው የወጣሁት" አለች። ሌላዋ ተመልሳ ገብታ የልጇን ጡጦ እንደፈለገች ተናገረች፤ ባሏ እስከ ዛሬ አያውቅም። ልጃቸው ከጓዳ ሆና "ቁልፉስ?" አለች። ከተቆጣችኝ ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

እዚያው አዋጣን። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ቁልፍ ቀራጩ ጋ ሄጄ ስድስት አስቀረጽኩ፤ በየፎቁ አንድ፣ አንድ ደግሞ ለእማማ። ማታ እየዞርኩ በሩ ላይ ሞከርኳቸው። አምስቱ ይሠራሉ። ስድስተኛው ገብቶ አይዞርም። ነገ ጠዋት ይዤው እመለሳለሁ።